ሳይቆጠር የሚጻፍ ትንፋሽ



አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ ቃል ዘወትር የሚነገረው ለሕመምተኛው ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደ እኛ ወደ ነርስ ተማሪዎች ልመልሰው እወዳለሁ፤ ሕመምተኛው ያልደበቀውን በሽታ እኛ በብዕራችን የምንደብቅበት ጊዜ አለና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የልምምድ ቦታ የሌሊት ተራ ገብቼ፣ በክፍሉ ለነበሩት ሕመምተኞች ሁሉ ትንፋሻቸውን በደቂቃ 20 ብዬ ጻፍሁ። አልቆጠርሁም፤ ከእኔ በፊት የነበሩትም እንዲሁ 20 ብለው ነበር። ሊነጋ ሲል አንዲት እናት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። «እማማ፣ ለምን አልተኙም?» ብላቸው «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሽ አጠረኝ» አሉኝ። ሰዓቴን ይዤ ብቆጥር 34 ሆነ። ሐኪም ተጠርቶ ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ ዳኑም። በመዝገቡ ላይ ግን የእኔ 20 እስከ ዛሬ አለ።

ጤነኛ ጎልማሳ በዕረፍቱ ጊዜ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ስለሚተነፍስ፣ 20 ብሎ መጻፍ ከማንም አያጣላም። ዳሩ ግን ሰውነት ሲታወክ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው ትንፋሽ ነው። የሚያስል ሕፃን ዕድሜው ከ2 እስከ 12 ወር ሆኖ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ሆኖ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳንባ ምች ይጠረጠራል። ይህን የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቆጥራ ትለያለች። ዲግሪ የምንጠብቀው እኛ ግን አንድ ደቂቃ እንሰስታለን!

«መሣሪያ አለ» የሚል ይኖራል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ መሣሪያ ምን ያህል አላፊ እንደሆነ አይተናል። ዘራፊ የማይወስደው ማየት፣ መዳሰስ፣ በጣት መታ መታ አድርጎ መስማትና ማዳመጥ ነው። የኮምቦልቻ ግቢ የቴክኖሎጂ ተማሪ ወንድማችን ሳይለካ ልክ ቢጽፍ ድልድዩ ይፈርድበታል፤ በእኛ ላይ የሚፈርደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የሌለው ሕመምተኛ ነው።

ጊዜ የለም የሚለው ሰበብ ከፊል እውነት አለው፤ ሕመምተኛው ብዙ፣ ነርሱ ጥቂት ነው። ስለዚህ የምለው አጭር ነው። የልብ ትርታ እንደምንቆጥር ሆነን አንጓውን ይዘን፣ ደረቱን እያየን አንድ ሙሉ ደቂቃ እንቁጠር፤ እየተቆጠረበት መሆኑን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይለውጣልና። መቁጠር ካልቻልን ደግሞ «አልተቆጠረም» ብለን እንጻፍ። መምህራኖቻችንም ለዚህ ቃል ማርክ አይቀንሱብን። ባዶ ቦታ ተከታዩን ተረኛ ያነቃዋል፤ የሐሰት 20 ግን ያስተኛዋል።