የሲምፎኒ ኮንሰርት ወቅትና ባሌ፦ ኦርኬስትራው ከዋና ከተማ ሲወጣ

የሲምፎኒ ኦርኬስትራ የኮንሰርት ወቅት ማለት በዓመቱ የሚቀርቡት ሥራዎች፣ ቀናትና ሥፍራዎች አስቀድመው ተወስነው ለሕዝብ የሚገለጹበት አሠራር ነው። በኢትዮጵያ የኦርኬስትራ ሙዚቃ የተተከለው ግን በዚህ መንገድ ሳይሆን በቤተ መንግሥትና በበዓል ዙሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሣዊ የነሐስ ባንድ ሆኑ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ለዘውድ በዓሉ ኢዮቤልዩ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል። አድማጩም ሆነ ተጫዋቹ በአዲስ አበባ የተወሰነው ከዚህ መነሻ የተነሣ ነው።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ዋሽንት የሚነፋ እረኛን ርእሱ ያደረገ ሥራ ለኦርኬስትራ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1967 ይህን መሰል ሥራዎቹን በመሪነት ያቀረበው በሃንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራ ነበር። የደጋ እረኛ ዜማ ሙሉ ኦርኬስትራ ለማግኘት ባሕር መሻገሩ የሚያስቆጭ ነው። የኮንሰርት ወቅት ወደ ክልሎች ይውጣ የሚለው አሳብም ክብደቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ባሌ በዚህ ረገድ ጥሩ መፈተኛ ነው። ጎብኚው ቶሎ የሚያስበው ሶፍ ዑመርን ነው፤ ከሮቤ በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚገኘው ይህ የኖራ ድንጋይ ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ የወይብ ወንዝም በውስጡ ያልፋል። ከፍ ያሉት ዓምዶቹ አዳራሽ ስለሚመስሉ ኮንሰርት ቢቀርብባቸው ፎቶግራፉ እንደሚያምር አያጠራጥርም። በስሎቬኒያ የፖስቶይና ዋሻ ውስጥ የኮንሰርት አዳራሽ አለ፤ በስፔን ኔርሃም የዋሻ ፌስቲቫል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው።

ሶፍ ዑመር ግን በመጀመሪያ የጸሎት ሥፍራ ነው። ሼህ ሶፍ ዑመር ኖረውበታል ተብሎ የሚታመን፣ ምእመናን ለዝየራ የሚመጡበት ቦታ ነው። የወንዙ እርጥበት የቫዮሊንና የቼሎ እንጨት ያሳብጣል፣ ቅኝቱን ያዛባል። በዝናብ ወራት ወይብ ሲሞላ ውስጡን መሻገር አደገኛ ነው። መብራት፣ የሕዝብ ብዛትና ድምፅ በዋሻው የሌሊት ወፎች ላይ የሚያደርሱት ጉዳትም አለ። ስለዚህ ዋሻውን መድረክ ማድረግ የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው አማራጭ ሊሆን ይገባል፤ የሚታሰብ ከሆነም የአካባቢው ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ሳይፈቅዱ አይደለም።

ይልቁንስ መነሻው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ሮቤ፣ ከእርሷም ጎን ያለችው ጎባ ናቸው። ሙሉ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሰባ፣ ሰማንያ ሰው ይፈልጋል፤ ኮንትራባስና ቲምፓኒ ይዞ የባሌን ተራራማ መንገድ መውጣትም ቀላል አይደለም። ሃያ ያህል ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾችና ጥቂት ነፋሾች ግን በአንድ አውቶቡስ ይጓዛሉ። ቀኑ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ቢሆን መንገዱ ደረቅ ነው፤ የስንዴው አጨዳ አልፎ የበልጉ ዝናብ ገና ስለሆነ ገበሬውም ፋታ ያገኛል።

የሚቀርበው ሥራ የሞዛርት ብቻ ከሆነ ጉዞው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በድሬ ሼህ ሁሴን ምእመናን የሚያዜሙት ባሮ አንዱ መርቶ ሕዝቡ የሚቀበለው ነው፤ ይህ ቅርጽ ለኦርኬስትራ ደራሲ ሰፊ ትምህርት አለው። ዜማው ግን የአምልኮ በመሆኑ ከባለቤቶቹ ጋር ሳይመክሩ ወደ ኖታ መገልበጥ አግባብ አይሆንም። ምክክሩ ጊዜ ስለሚወስድ የመጀመሪያው ዓመት ዝግጅት በአሸናፊ ከበደ ሥራዎችና በአውሮፓ የክር ሙዚቃ ላይ ቢመሠረት፣ ከሰዓት በፊት ለተማሪዎች፣ ማታ ለሕዝብ ቢቀርብ፣ መርሐ ግብሩም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢታተም ለሥራው የሚበቃ ጅምር ነው።