ትውልድ ቆጣሪዎቻችንን በመዝገብ እናስባቸው



በምሥራቅ ጎጃም ቢቸና ሲነሣ አርበኛው በላይ ዘለቀ ይነሣል። ሞጣ ሲነሣ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በ1960 ዓ.ም. የፈነዳው የገበሬዎች ዐመፅ ይነሣል። የሚገባ ነው። በሁለቱም አገር ግን ሐውልት ያልቆመላቸው፣ ደመወዝ ሳይቆረጥላቸው ዕድሜያቸውን ለወገን የሰጡ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ትውልድ ቆጣሪዎች። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ስለ እነሱ ነው። የሚበጃቸው መታሰቢያ በቃላቸው የያዙት ነገር ተጽፎ መቀመጡ ነው፤ ያውም ሳይውል ሳያድር።

በጎጃም የርስት ሥርዓት ሰው መሬት የሚጠይቀው አገሩን ካቀናው ከዋናው አባት መወለዱን ቆጥሮ ነበር። ከዋናው አባት ልጆች ምንዝር አባቶች ይወጣሉ፤ መሬቱ በእነሱ ስም ይደለደላል፤ ለየወገኑም ፈጅ (ተጠሪ) ይቆማል። ክርክር ሲነሣ ሽማግሌው ዳኛው ፊት ጋቢውን አስተካክሎ ይቀመጥና ከላይ ይጀምራል፤ እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች እያለ እስከ ባለጉዳዩ ይወርዳል። አንድ ስም ቢዘልል ባለጋራው እዚያው ይይዘዋል። ስለዚህ ቆጠራው ጨዋታ አልነበረም፤ በባላንጣ ጆሮ የሚፈተን ዕውቀት ነበር።

ርስት በአባትም በእናትም ይጠየቅ ስለነበር ደግሞ ቆጣሪው ሴት አያቶችን ሊረሳ አይችልም። ዜና መዋዕሎቻችን ስለ ባላገር ሴቶች ብዙም አይናገሩም፤ የነዚህ ሽማግሌዎች አፍ ግን የእናትን፣ የአያትን፣ የቅድመ አያትን ስም ጠብቆ አቆይቷል። ይህ ብቻውን ቆጣሪዎቹን ለማመስገን ይበቃ ነበር።

ቤተ ክህነትም ድርሻዋን ተወጥታለች። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ከመሠረተቻት ከሞጣ ጊዮርጊስ ጀምሮ በምሥራቅ ጎጃም ደብሮች በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ውርስና ስጦታ ከነምስክሮቹ ስም ሰፍሯል። ሀብታሙ መንግሥቴ በ1996 ዓ.ም. ስለ ምሥራቅ ጎጃም ጌታ፣ ዜጋ (በጌታ ሥር የሚያድር ጥገኛ) እና ገበሬ ያሳተመው ጥናት እንዲህ ያለው ጽሑፍ ምን ያህል ታሪክ እንደሚያወጣ አሳይቷል። በጽሑፍ ያልሰፈረው ግን በሽማግሌዎች ቃል ብቻ ቀረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ቆጠራውም የሚፈለግበትን ዋና ጉዳይ አጣ። የዳኛው ችሎት ተበተነ፤ ልጆችም ከአያት እግር ሥር ተቀምጠው የሚማሩበት ምክንያት ሳሳ። ዛሬ የቀረው ጋብቻ ነው፤ ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት እንዳይዛመዱ ለማጣራት ዛሬም አንድ አዋቂ ይፈለጋል። ያ አዋቂ ሲሞት ቀብሩ ላይ እድርተኛው ሁሉ ይወጣል፤ በቃሉ የያዘውን ግን የሚጠይቅም የሚጽፍም አይገኝም።

በቃል ያለውን ትውልድ የመጻፉ ሥራ እንደሚቻል ምስክር አለ። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ከአባይ ማዶ ከኦሮሞ ወላጆች ተወልደው በልጅነታቸው ጎጃም የገቡ፣ በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ ሠዓሊና ጸሐፊ ነበሩ። የጎጃምን ባላባት ትውልድ በየአገሩ እየለዩ የጻፉት እኚህ በደም የአገሩ ተወላጅ ያልሆኑ ሰው ናቸው። ድካማቸውን ግርማ ጌታሁን አሰናድተውት «የጎጃም ትውልድ በሙሉ፦ ከአባይ እስከ አባይ» በሚል ርእስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። አለቃ ባይጽፉት ኖሮ ዛሬ ስንቱ ቤተሰብ ከአያቱ በላይ መቁጠር ያቅተው ነበር!

ትውልድ መቁጠር የድሮ ክርክር ይቀሰቅሳል፣ ሰውን በዘር ይለያያል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ዛሬ ቆጥሮ ማሳ የሚወስድ የለም። ቆጠራው ራሱም ሰው በእናቱ በኩል ከዚያኛው ቀበሌ፣ በአያቱ በኩል ከአባይ ማዶ መምጣቱን ያሳያል። ሁለት ቆጣሪዎች ካልተስማሙም መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሁለቱንም ቃል ከነስማቸው ጎን ለጎን መጻፍ። አንዱን ትክክል ብሎ ሌላውን የሚጥል ሰው የባለጋራነቱን ዘመን ሊመልሰው ይችላል፤ ይህ ሊፈቀድ አይገባም።

ለዚህ ሥራ ባለሙያ ብቻ አይጠበቅም። በእንግሊዝ አገር የትውልድ አጥኚዎች ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ዛሬ እዚያ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እየገለበጡ ለሕዝብ የሚያቀርቡት በብዛት ጡረተኞችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቢቸናና ሞጣም ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ቅኔ የዘለቁ መሪጌቶች፣ በስልካቸው ድምፅ መቅዳት የሚችሉ ተማሪዎች አሏቸው። የጎደለው አስተባባሪ ነው።

ስለዚህ ቢቸናና ሞጣ የሚገኙባቸው የእነማይና የሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተነጋግረው በየቀበሌው አንድ መዝገብ ይክፈቱ። እድሮችም አባል በሞተ ጊዜ ከሚያነቡት የሕይወት ታሪክ ጋር የአባቱንና የእናቱን ትውልድ እስከታወቀበት ድረስ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነና ቀኑም አብሮ ይጻፍ። አንባቢም ይህን መጽሔት አጥፎ ሲነሣ በሕይወት ያሉትን አያቱን፣ አክስቱን ወይም አጎቱን ደውሎ ይጠይቅ፤ የሰማውንም በዚያው ዕለት ይጻፈው።