የዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ከዘጠነኛ ክፍል ይጀምር

በአገራችን ለዩኒቨርሲቲ ስለ መዘጋጀት ሲነሣ የተማሪውም፣ የወላጁም፣ የመምህሩም ሐሳብ የሚሄደው ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው፣ ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች የሚባዙት፣ ወላጅም ልጁን ከቤት ሥራ ነፃ የሚያደርገው በአብዛኛው በዚያ ዓመት ነው። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ግን እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ብቻ ይታያሉ። በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምናስተምር እንደ መሆናችን ይህን አስተሳሰብ አንቀበለውም። የዩኒቨርሲቲ ዝግጅት የሚቃናውም ሆነ የሚበላሸው በእነዚህ ሁለት ዓመታት ነው ብለን እናምናለን።

በቅድሚያ ቁጥሮቹን እንመልከት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። መሻሻል መኖሩ አይካድም። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከ12 ተፈታኞች ግማሹን ነጥብ ያገኘው አንዱ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጉድለት በአንድ ዓመት አልተፈጠረም፤ በአንድ ዓመት ማጠናከሪያም ሊሞላ አይችልም። አበው "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ቀደም ሲል በአሥረኛ ክፍል መጨረሻ ላይ አገር አቀፍ ፈተና ይሰጥ ነበር። ፈተናው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። መቅረቱን አንቃወምም፤ ገና በአፍላ ዕድሜው ያለን ወጣት በአንድ ፈተና ብቻ ከመንገዱ ማስቀረት ተገቢ አልነበረም። ይሁን እንጂ ፈተናው ሲቀር አብሮት አንድ መለኪያ ጠፍቷል። ከስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በኋላ ተማሪው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ድረስ ምን እንደ ጎደለው ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚነግረው አካል ሳይኖር አራት ዓመት ይጓዛል።

ጉድለቱ ምን ይመስላል? አንደኛ ዓመት የሚገቡ ተማሪዎቻችን ብዙ ቀመሮችን በቃላቸው ይወጣሉ። ከቀመሩ ውስጥ አንዱን ፊደል ለብቻው እንዲያወጡ፣ ግራፍ እንዲያነቡ ወይም አሃዶችን እንዲያነጻጽሩ ሲጠየቁ ግን ይቸገራሉ። እነዚህ የዩኒቨርሲቲ ሳይሆኑ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ትምህርቶች ናቸው።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። በላይ ጋይንት የምትገኘው ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ነው። በመሆኑም ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የጋይንት እናት ባቄላ ለመቀቀል የምትጠብቀው ጊዜ በስማዳ ቆላ፣ በበሽሎ ሸለቆ አቅጣጫ፣ ከምትኖረው እኅቷ የሚረዝመው ስለዚህ ነው። ማገዶዋም የዚያኑ ያህል ይበዛል።

በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ የውሃ መፍያ ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። 3000ን ለ300 ብናካፍል 10 ይሆናል፤ ከ100 ላይ 10 ሲቀነስ 90 ይቀራል። ይህን በግራፍ ስንሥለው ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ቀጥተኛ መስመር እናገኛለን። አሁን ጥያቄውን እንገልብጠው። በፈላ ውሃ ውስጥ የገባ ቴርሞሜትር 91 ዲግሪ ቢያሳይ የቦታው ከፍታ ስንት ነው? ልዩነቱ 9 ዲግሪ ስለ ሆነ 9 በ300 ሲባዛ 2700 ሜትር ይሆናል። ይህም ከደብረ ታቦር ከተማ ከፍታ ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ በአንድ ቴርሞሜትርና በአንድ ድስት ውሃ የተራራን ከፍታ መገመት ተቻለ ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ማካፈል፣ የቀጥተኛ መስመር ግራፍና ቀመርን መገልበጥ ብቻ ይበቃሉ። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መስመሩ በትክክል ሲለካ ቀጥተኛ እንዳልሆነና ለምን እንደሚጎብጥ ይማራል። ቀጥተኛውን ሳይጨብጥ የደረሰ ግን የጎበጠውን የሚያስርበት ችካል የለውም።

በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር ያስተዋልነውም ይህንኑ ነው። ጎበዞቹን ተማሪዎች ከሌሎቹ የሚለያቸው ብዙ ረቂቅ ቲዎሪ ማወቃቸው አልነበረም። መሠረታዊውን ሒሳብ ሳይደናቀፉ ስለሚሠሩ ሐሳባቸው ሙሉ በሙሉ በአዲሱ ነገር ላይ ያርፍ ነበር።

ይህን ስንል የተማሪውን ኑሮ አልዘነጋንም። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ በከተማ ቤት የተከራየው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስንቁን ከወላጆቹ ቤት ተሸክሞ ያመጣል፤ ራሱ አብስሎ ይበላል፤ በመኸር ወቅትም አጨዳ ይጠብቀዋል። በዚህ ላይ ጦርነት አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። "እንዲህ ላለው ልጅ ስለ ዝግጅት ማውራት ቅንጦት ነው" የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን መደምደሚያው ተቃራኒ ነው እንላለን። የትኛው ዓመት እንደሚስተጓጎል በማይታወቅበት ጊዜ ሁሉንም ነገር በመጨረሻው ዓመት ላይ መጣል ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው።

ሸክሙን ግን ተማሪው ብቻውን ሊሸከመው አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማለፊያ ነጥብ ላላገኙ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት መሰጠት መጀመሩ ይታወሳል። በጎ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ቤቱ ጣሪያ ከለበሰ በኋላ መሠረቱን እንደ መጠገን ይቆጠራል። ማካካሻው በዘጠነኛ ክፍል መስከረም ላይ ቢሰጥ ወጪውም ድካሙም ያንሳል። ትምህርት ቤቶች ለአዲስ ገቢዎች አጭር የመለያ ፈተና ቢያዘጋጁ፣ ጠንካራ መምህራንንም ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብቻ ሳይሆን ለዘጠነኛም ቢመድቡ ለውጡ በጥቂት ዓመታት ይታያል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ክፍልፋይን፣ ርቢንና ቀመር መገልበጥን እስኪለምዳችሁ ድረስ በየቀኑ ጥቂት ጥያቄ ሥሩ። ሁለተኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ በየቀኑ ከሳይንስ መጽሐፋችሁ አንድ ገጽ አንብባችሁ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ በራሳችሁ ቃል ጻፉት። ሦስተኛ፣ አንድ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር መጽሐፉን ዘግታችሁ ራሳችሁን ፈትኑ፤ የተሳሳታችሁትንም በአንድ ደብተር ላይ መዝግባችሁ ከሳምንት በኋላ እንደገና ሥሩት። የጠፋው መለኪያ ያ ደብተር ይሆንላችኋል። ትምህርት ቤት ቢዘጋ እንኳ እርሱ አይዘጋም።