ስለ መልካም አየር

ልጆች ሆይ፤ መልካም አየር በገንዘብ ከማይገዙ ሀብቶች አንዱ ነው። ሀብታሙም ድኻውም እኩል ይተነፍሰዋል። ነገር ግን ሰው በከንቱ ያገኘውን ነገር ብዙ ጊዜ አያስተውለውምና፥ ዛሬ ስለዚህ ነገር ጥቂት እናስብ።

የደሴ ከተማ በወሎ፥ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ነው። ከደሴ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ፥ መንገዱን ሳይጨርስ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል፤ ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለችና። ሰው 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ብትሆንም፥ የደጋ ሰው በሐሩር አይቃጠልም።

በአውሮፓ አራቱ የዓመት ክፍሎች የሚለዩት በብርድና በሙቀት ነው። በእኛ አገር ግን ይልቁን በዝናብና በፀሐይ ይታወቃሉ። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው፤ በአበባ ይጀምርና በመከር ይፈጸማል። ቀጥሎ እስከ መጋቢት 25 በጋ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፥ ቀኑ ይጠራል። ከዚያ እስከ ሰኔ 25 ፀደይ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም 25 ክረምት ይሆናል፤ ጦሳም ጉም ይለብሳል።

እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ደስ ቢለው አይነቀፍም። የሚነቀፍስ በክረምት «ጭቃው ሰለቸኝ»፥ በበጋ «አቧራው ሰለቸኝ»፥ በኅዳር «ብርዱ ገደለኝ» እያለ ዓመቱን ሁሉ የሚያጉረመርም ነው። እርሱ በአራቱም ወቅቶች ውስጥ ያልፋል እንጂ አንዱንም አይቀምስም።

ነገር ግን ደስታም ዓይን ያስፈልገዋል። በመጋቢት ወር አንድ የከተማ ሰው ማለዳ ከቤቱ ይወጣል። ሰማዩ ደመና የለበትም። «እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀን ነው!» ይላል። በዚያችው ሰዓት ከከተማው በላይ ያለ ገበሬ በእርሻው ዳር ቆሞ ያንኑ ሰማይ ያያል፤ ልቡም ይሰበራል። በወሎ ደጋ ብዙ ገበሬዎች የበልጉን ዝናብ ተስፋ አድርገው ገብሳቸውን በጥርና በየካቲት ይዘራሉ፤ የሚበሉትም በሰኔና በሐምሌ ነው። ዝናቡ ከቀረ፥ ያ የጠራ ሰማይ የልጆቹን እንጀራ ወሰደ ማለት ነው።

ይህ ተረት አይደለም። በ1965 ዓ.ም. በወሎ የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ በ1976 ዓ.ም.ም እንዲሁ ሆነ። ከሁለቱም በኋላ ብርቱ ረኃብ መጣ፤ ብዙ ሕዝብም አለቀ። ያልቁም ዘንድ ያደረጋቸው የዝናቡ መቅረት ብቻ አልነበረም፤ የተራበው ሰው ጩኸት በጊዜው አለመሰማቱም ጭምር ነው። አባቶች «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ያሉት እውነት ነው።

ከእናንተ አንዱ «እኔ ብጠይቅ ዝናብ አመጣለሁን?» ይል ይሆናል። አታመጣም። ነገር ግን በመጋቢት የጠየቀ ሰው የገበሬውን ችግር በመጋቢት ያውቃል፤ እህልም ከረኃብ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ያልጠየቀ ግን የሚያውቀው የተራቡት ሰዎች ከደጁ በደረሱ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ለብዙዎቹ መሽቶባቸዋል።

ስለዚህ እኔ እንዲህ እላለሁ። በአየራችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ደስታችሁ ግን ዕውር አይሁን። ከገጠር እህል ይዛ ወደ ገበያ የመጣችውን እናት ሰላም ስትሉ፥ «እማማ፥ ዝናቡ በአገራችሁ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሩቅ መንደር በእግሩ መጥቶ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ተማሪ፥ በምሳ ሰዓት ብቻውን ከግንቡ ሥር ፀሐይ ሲሞቅ ብታዩት፥ በፀሐይዋ ደስ ብሎት ነው አትበሉ። ምናልባት ስንቅ የለው ይሆናል። ከቆሏችሁ እፍኝ ስጡትና አብራችሁት ሙቁ።

ፀሐይዋ ለሁለታችሁም ያን ጊዜ መልካም ትሆናለች።