መስተዋቱ እንዳያብለጨልጭ

በሲሪንቃም ሆነ በመርሳ ሰው የሚወደውን ሥዕልና ፎቶግራፍ በመስተዋት አስገጥሞ ከግድግዳ ይሰቅላል። የሟች አባት ፎቶ አለ። በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያገኘውን ምስክር ወረቀት የሰቀለም አለ። አሁን ፊደል ቆጥረናል። ጽሑፉን እናንብብ ስንል ግን መስተዋቱ ዓይን ይወጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን በበር ይገባል፤ መስተዋቱን መትቶ ይመለሳል። ከምትቀመጡበት ሆናችሁ መስተዋቱን እዩት። በሩ ከታያችሁ ጥፋቱ የቦታው ነው። ከበሩ ትይዩ አንሡና በጎን ግድግዳ ስቀሉት።

ሌላ ቦታ ከሌለስ? ላይኛው ጫፍ ወደ ፊት ዘንበል ይበል። ገመዱን ከጀርባው ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ በራሱ ያዘነብላል። ከመሐል በታች ግን አትሰሩ፤ ይገለበጣል። ያን ጊዜ መስተዋቱ የሚያሳየው በሩን ሳይሆን መሬቱን ነው። መሬት ደግሞ አያብለጨልጭም።

መስተዋቱን አውጥቶ የሚጥል አለ። ኧረ ተዉ! የምድጃው ጭስና ጥቀርሻ ፎቶውን ይጨርሰዋል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታም አይበጅም። ቀለሙ እየደበዘዘ ሄዶ የአባት መልክ ይጠፋል። ማታ ኩራዝ ስታበሩ ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።