በረመዳን ሱስ ላቁም ላለ ልጅ ሕክምናው የት ነው?

ረመዳን ሲገባ ብዙ ወላጆች አንድ ጉዳይ ይዘው ወደ መስጂድ ይመጣሉ። ለዓመታት በጫት፣ በሲጋራ፣ በመጠጥ ወይም ትራማዶል በሚባለው የሕመም ማስታገሻ የተያዘ ልጃቸው «በዚህ ጾም ላቁም» ብሏቸዋል። ዱዓ እናደርግለታለን፤ ኒያውንም እናበረታታለን። «የት ይታከም?» ሲሉን ግን የምንጠቁማቸው ቦታ ጥቂት ነው።

አገራችን ሱስን ለመከላከል ጥሩ ሕግ አላት። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ፣ የአልኮል ማስታወቂያም በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል። ይህ ያልጀመረውን ይጠብቃል። በሱስ የተያዘው ግን ሐኪም ያስፈልገዋል። የሱስ ሕክምና ሲባል የሚጠሩት እንደ አማኑኤልና ቅዱስ ጳውሎስ ያሉ የከተማ ሆስፒታሎች ናቸው። ከባሌ ወይም ከወሎ ገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ መንገዱ ረጅም፣ ወጪውም ከባድ ነው።

ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው። በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊያንዘፈዝፈው፣ ሊሞትም ይችላል። ቤተሰቡ ጂን ያዘው ብሎ ሩቅያ ብቻ ሲያስቀራ ሰዓቱ ያልፋል። ሐኪም ዘንድ ግን የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ጫት ያቆመም እንቅልፉ ይዛባል፤ ይቆጣል፤ ዱካክ የምንለው ቅዠት ያስጨንቀዋል። ይህ በአብዛኛው ለሞት አያሰጋም፤ ነገር ግን ብዙዎችን ወደ ጫቱ የሚመልሳቸው እሱ ነው።

ስለዚህ መንግሥትን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ይውረድ። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮና የሱስ ሕመምን በተራ የጤና ባለሙያ ለማከም ያወጣውን ፕሮግራም ቀድመው ከጀመሩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሥልጠናውም መድኃኒቱም በየወረዳው ይዳረስ። ሁለተኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሱስ ሕክምናን በስሙ ጠርቶ ይሸፍን። እንደ ስኳርና ደም ግፊት ሁሉ ሱስም የሚያገረሽ፣ ረጅም ክትትል የሚፈልግ ሕመም ነውና አንድ ጊዜ ታክሞ መሄድ አይበቃም። ሦስተኛ፣ የማገገሚያ ማዕከላት በፈቃድና በቁጥጥር ይሥሩ። ማሰርና መደብደብ ሕክምና አይደለም። የታከመውም ሲወጣ የሚይዘው ሥራ ይመቻችለት፤ ሥራ ፈትቶ ወደዚያው ሰፈር የተመለሰ ሰው ወደ ሱሱ ለመመለስ ቅርብ ነው።

እኛም ድርሻ አለን። ጠጥቶ ደጋግሞ የተያዘን ሰው አንዱ ሲረግመው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እርግማኑን ከልክለው፣ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መስክረውለታል። ሱሰኛ ልጅ ያለበትን ቤት የምናማ ከሆነ ቤተሰቡ ልጁን ይደብቃል፤ የተደበቀ በሽተኛም አይታከምም። የሰውን ነውር መሸፈን ግዴታችን ነው፤ በሽተኛን ከሐኪም መሸሸግ ግን ከዚህ አይቆጠርም። ከተራዊህ በኋላ የጤና ባለሙያ ጋብዞ ጀመዓውን ማስተማር ለየትኛውም መስጂድ አይከብድም።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ ሳያቆም አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። አንዘፍዝፎት ወይም ራሱን ስቶ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሳትዘገዩ ውሰዱት። ሐኪሙ በቀን መድኃኒት እንዲወስድ ካዘዘው ሸሪዓችን ለታመመ ሰው አፍጥሮ ሲድን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዷል። ዱዓችሁን ግን አታቋርጡ።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ በሽተኞቻችንን ያሽርልን። አሚን።