ጨረር ታክማ የመጣችን እናት ከልጆቿ አትለዩ



ለመስቀል ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ ይገባል። በአንዳንድ ቤት ግን አንዲት እናት ጓዳ ብቻዋን ትበላለች። ለምን? የማሕፀን በር ካንሰር ይዟት ጨረር ስለታከመች «ልጆቹን ይጎዳቸዋል» ተብሎ! ይህን የሚነግሩኝ ታካሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሌሎች ደግሞ ይህንኑ ፈርተው ሪፈር ተጽፎላቸው ቤት ይቀራሉ። ዕጢው ግን አይጠብቃቸውም።

ይህ ጥንቃቄ አይደለም፤ ሰው የሚገድል ስህተት ነው።

የሞባይሉም፣ የራጁም፣ የኮባልቱም ስም «ጨረር» ነው። የሚለያቸው ጉልበታቸው ነው። የሞባይል ጨረር ጉልበት የአንድ ኤሌክትሮን ቮልት አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። የራጅ በአስር ሺዎች ይቆጠራል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዓመታት ያገለገለው የኮባልት 60 ሕክምና ግን ከአተም ኒውክለስ የሚወጣ ጋማ ጨረር ነው፤ ጉልበቱም 1.17 እና 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት። ጥልቅ ያለ ዕጢ ጋ የሚደርሰው በዚህ ጉልበቱ ነው።

«ታዲያ ሰውነቷ ውስጥ አይቀርም?» አይቀርም። መብራት ሲጠፋ ብርሃኑ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል? ይህም እንደዚያው ነው። ይህ ጨረር የታካሚዋን ሰውነት ጨረር አመንጪ አያደርገውም። ምንጩ ወደ ማሕፀን ገብቶ ሲሰጥም፣ ምንጩ ከወጣ በኋላ የሚቀር ጨረር የለም። ልጇን ትቀፍ፣ ከአንድ ትሪ ትብላ።

«ኮባልቱ አርጅቷል፣ አያድንም» የሚሉም አሉ። ኮባልት 60 በ5.27 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን የጨረሩ ብዛት እንጂ የእያንዳንዱ ጉልበት አይደለም። ባለሙያው ሰዓቱን አስልቶ ያረዝመዋል፤ ታካሚዋ የታዘዘላትን መጠን ታገኛለች። የሚጎዳው ወረፋው መርዘሙ ነው። በዚያ ላይ የእናንተን መዘግየት አትጨምሩበት።

በእውነት ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለእንቅርት ወይም ለታይሮይድ ካንሰር አዮዲን 131 ለዋጠ ሰው ነው። እሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ጨረር ያወጣል፤ በየ8 ቀኑም በግማሽ ይቀንሳል። ሐኪሙ በነገራችሁ ቀን ልክ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ራቁ፤ የምታጠባ እናት ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሟ ትንገር።

ጥፋቱ የእኛ የሐኪሞችም ነው። «ጨረር ያስፈልግሻል» ብለን ወረቀት ሰጥተን እንሸኛለን፤ ማስረዳቱን ለጎረቤት ወሬ እንተወዋለን። ስለዚህ ሳትረዱ ከክፍላችን አትውጡ፤ ጠይቁን፣ አስጨንቁን።

ሪፈር ወረቀት ሳጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁ እናቶች፣ ዛሬውኑ አውጡት። ጓዳ ያስቀመጣችኋት እናት ካለች ደግሞ ወደ ማዕዱ መልሷት።